ዋጋው የከበደ ማዳመጫ ሁሉ መልካም ድምፅ ይሰጣልን?

የጆሮ ማዳመጫ ዋጋው በናረ ቁጥር ድምፁም ያንኑ ያህል ያምራል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። አንባቢ ሆይ፥ የወር ደመወዝህን ከማፍሰስህ በፊት ግን ሁለቱን ማዳመጫዎች በምታውቀው ድምፅ መዝናቸው።

በመርጡለ ማርያም ለምንኖር ሰዎች ከበገና የሚሻል መመዘኛ የለም። ዐሥሩ አውታር ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፥ እንዚራ የምትባለው፥ የሚነዝረውን ቀጭን ድምፅ ትጨምርበታለች። መልካም ማዳመጫ ሁለቱን ሳያደባልቅ ያሰማል።

ማዳመጫ ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዜንሃይዘር ኤች ዲ 600 ጀርባው ክፍት ስለ ሆነ ድምፁ ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ ዳሩ ግን የውጭውን ጫጫታ ያስገባል፥ የአንተንም ለጎረቤት ያሰማል። በአንድ ክፍል ለሚያድሩ ተማሪዎች ጀርባው ዝግ የሆነው ይሻላል። በምታነጻጽርበትም ጊዜ የሁለቱን የድምፅ መጠን እኩል አድርግ፤ የሚጮኸው የተሻለ መስሎ ጆሮን ያታልላልና።

ከዚያም በስልክህ ያለውን ኢኳላይዘር ክፈት። ይኸውም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ነው። በገናው ታፍኖ ከተሰማህ ቀጭኑን ከመጨመር ይልቅ ወፍራሙን በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ቀንስ። የግድ ከጨመርህም ጠቅላላውን በዚያው መጠን ዝቅ አድርግ፤ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል።

እንዲህ ተስተካክሎ መጠነኛው ማዳመጫ ከውዱ ጋር ከተቀራረበልህ፥ የተረፈውን ገንዘብ ለመጽሐፍ አውለው። ድምፁንም ዝቅ አድርገህ ስማ፤ ማዳመጫ ቢበላሽ ይለወጣል፥ በጩኸት የደከመ ጆሮ ግን ምትክ የለውም።