ሚኒስትሮቹን ያፋጠጠው የድንጋይ ከሰል ነጋዴ

ስንዴ፣ ማዳበሪያ ወይም ብረት ጭና ጂቡቲ ወደብ የምትደርስ መርከብ ጎኗ ላይ አንድ ምልክት አለ። ክብ ነው፤ በመካከሉ አግድም መስመር ያልፍበታል። የክቡ ስፋት 300 ሚሊ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት 450 ሚሊ ሜትር ነው። አስመጪው ዕቃው መቼ እንደሚራገፍ፣ አስተላላፊው ሰነዱ መቼ እንደሚያልቅለት ሲጨነቅ ይህን ምልክት ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ትርጉሙ ግን አጭርና ግልጽ ነው። ውኃው ከመስመሩ በላይ ከወጣ መርከቧ ከልኳ በላይ ጭናለች ማለት ነው።

ይህ መስመር በመሐንዲሶች ጥበብ ብቻ የተገኘ አይደለም። አንድ የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴ የአገሩን ሚኒስትሮች በምክር ቤት ፊት ለዓመታት በጥያቄ ሲያፋጥጥ ኖሮ ያስገኘው ነው። ሰውዬው ሳሙኤል ፕሊምሶል ይባላል፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ «የፕሊምሶል መስመር» እየተባለ ይጠራል። ጉዳዩ የመርከበኞች ሕይወት ጉዳይ ነበር። ይሁንና ውስጡ ሲገባ የጭነት ኪራይ፣ የመድን አረቦንና የገበያ ውድድር ጉዳይም ሆኖ ይገኛል።

ከኪሳራ ወደ ምክር ቤት

ፕሊምሶል እ.ኤ.አ. በ1824 ብሪስቶል ከተማ ተወለደ። ሼፊልድ በሚገኝ የቢራ ፋብሪካ በጸሐፊነት ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጅነት ደረሰ። ከዚያም በድንጋይ ከሰል ንግድ ለመክበር ወደ ለንደን አቀና፤ ግን ከሰረ። በኪሳራው ወራት ከድሆች ጋር በርካሽ ማደሪያ ኖረ። በኋላ በዚያው በከሰል ንግድ አገግሞ ሀብት አፈራና እ.ኤ.አ. በ1868 የሊበራል ፓርቲን ወክሎ ከደርቢ ከተማ ለምክር ቤት ተመረጠ። እንግዲህ ባሕርተኛ አልነበረም፤ ከስሮ የሚያውቅ ነጋዴ ነበር።

መርከብ ሁሉ የጭነት ልክ ይኑረው የሚለውን ሐሳብም መጀመሪያ ያነሣው እሱ አይደለም። ከእሱ በፊት ጄምስ ሆል የተባለ የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባለመርከብ ለዚሁ ሲሟገት ቆይቷል። ለመሆኑ አንድ ባለመርከብ በገዛ ንብረቱ ላይ ገደብ እንዲጣል ስለምን ይጠይቃል? መልሱ ያለው የዘመኑ የገበያ ስሌት ውስጥ ነው።

የምትሰጥም መርከብ ትርፍ

ለምሳሌ ያህል እኩል መጠን ያላቸው ሁለት መርከቦች ይታሰቡ። አንደኛዋ 1,000 ቶን፣ ሁለተኛዋ 1,200 ቶን ጫነች። የመርከበኛው ደመወዝ ያው ነው፤ የወደቡም ክፍያ ብዙ አይለያይም። በመሆኑም ሁለተኛዋ በቶን የምታስከፍለውን ኪራይ ዝቅ አድርጋ ማትረፍ ትችላለች። ሐቀኛው ባለመርከብ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እንደ ተወዳዳሪው ከልክ በላይ መጫን፣ ወይ ገበያውን መልቀቅ። ጭነቱ በአንድ ጊዜ አይበዛም። ዛሬ ጥቂት ኢንች፣ ነገ ጥቂት ኢንች እያለ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ይመጣል። የክረምት ማዕበል ሲነሣ ግን ከውኃው በላይ የቀረው የመርከቧ ጎን አጭር ነው።

ታዲያ መርከቧ ብትሰጥም ባለቤቱ አይከስርም ወይ? እዚህ ላይ መድኑ ይመጣል። በዘመኑ የመድን ውል ላይ የመርከቧ ዋጋ የሚጻፈው ባለቤቱና መድን ሰጪው የተስማሙበት ነበር። ገበያ ላይ 3,000 ፓውንድ የማታወጣ አሮጌ መርከብ 5,000 ፓውንድ ተገምታ መድን ልትገባ ትችላለች እንበል። በሰላም ከደረሰች ኪራዩ ይገኛል፤ ከሰጠመች ደግሞ ከዋጋዋ በላይ ይከፈልባታል።

መድን ሰጪዎቹ ይህን እያወቁ ለምን ዝም አሉ? ፕሊምሶል በመጽሐፉ እንዳስረዳው አንዱን መርከብ በመድን የሚሸከሙት ብዙ ሰዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ጥቂት ነው። አንዱ ተነሥቶ «ይህ ማጭበርበር ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ለክርክሩ የሚያወጣው ገንዘብ ከድርሻው ይበልጣል። ስለዚህ ይከፍልና በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑን በሁሉም ላይ ከፍ ያደርጋል። ጥፋቱ የአንዱ ሆኖ ዕዳው ለሐቀኛው ባለመርከብ፣ ለነጋዴውና በመጨረሻም ለሸማቹ ይደርሳል።

ከሁሉም የከፋው የመርከበኛው ዕጣ ነበር። የሥራ ውል ከፈረመ በኋላ መርከቧን አይቶ «በዚህች አልሄድም» ያለ ሰው ውል በማፍረስ ተከሶ እስር ቤት ይገባ ነበር። የተሳፈረውም ቢሆን ደመወዙ የሚታሰብለት መርከቧ እስከ ሰጠመችበት ዕለት ብቻ ነው። ባለመርከቡ የመድን ገንዘቡን ሲቀበል የመርከበኛው ሚስት ግን የባሏን ደመወዝ እንኳ ከዚያ ዕለት ወዲያ አታገኝም። ሕዝቡ እነዚህን መርከቦች «የሬሳ ሣጥን መርከቦች» ይላቸው የነበረው በከንቱ አልነበረም።

የሐምሌው ግርግር

ፕሊምሶል እ.ኤ.አ. በ1873 ይህን ሁሉ «መርከበኞቻችን» በሚል መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ አገሩን አነቃነቀ፤ መንግሥትም መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ነገር ግን ደራሲው በስም ማጥፋት ተከሰሰ፤ በምክር ቤትም ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። በ1874 ያቀረበው ረቂቅ ሕግ በ3 ድምፅ ልዩነት ብቻ ወደቀ።

የባለመርከቦቹና የንግድ ቦርዱ ሹማምንት መከራከሪያም የሚናቅ አልነበረም። መርከቦች በቅርፃቸውና በጭነታቸው ስለሚለያዩ ለሁሉም የሚሆን ልክ ማውጣት ያስቸግራል አሉ። የመንግሥት መርማሪ «ደህና ናት» ብሎ ከፈረመ ኃላፊነቱ ከባለቤቱ ወደ መንግሥት ይዞራል የሚልም ሥጋት ነበር። የእንግሊዝ መርከብ ብቻዋን ብትገደብ የውጭ ተወዳዳሪ ኪራዩን ይወስደዋል ያሉም ነበሩ።

በ1875 መንግሥት ራሱ የመርከብ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ሐምሌ 22 ቀን ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንጃሚን ዲዝሬሊ ለእርሻ መሬት ሕግ ጊዜ ለማግኘት ሲሉ የመርከቡ ረቂቅ ለዚያ ዓመት እንዲቀር መወሰናቸውን ተናገሩ። ረቂቁ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ ማለት እስከዚያው የክረምቱ ማዕበል በነበረው ሕግ ሊታለፍ ነው። ፕሊምሶል ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኸ። በ1874 ከ87 ነፍስ ጋር የጠፉ መርከቦችን በስም እየጠራ፣ ባለቤታቸው እዚያው ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አባል መሆኑንና አለመሆኑን ለንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት ለሰር ቻርልስ አደርሌይ ጥያቄ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። መርከበኞችን ወደ ሞት የሚልኩትንም «ወራዶች» ሲል ተሳደበ። አፈ ጉባዔው ቃሉን እንዲያነሣ ቢጠይቁት እምቢ ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ ተመልሶ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያነሣውን ፍሬ ነገር ግን አልካደም። በዚያች ሳምንት ውስጥ በየከተማው ስብሰባ ተደርጓል፤ ሕዝቡ ከጎኑ ቆሟል። ጊዜ የለንም ያለው መንግሥት ነሐሴ ሳይወጣ የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት አደገኛ መርከብ ከወደብ እንዳትወጣ ማገድ ተቻለ። በልቅ የሚጫን እህልም በማዕበል ጊዜ ወደ አንድ ወገን እንዳይንሸራተት በሳንቃ እንዲከፋፈል ታዘዘ።

መስመሩን ማን ያሥምር?

የታሪኩ ዋና ቁም ነገር የሚመጣው ሁሉም ድል ተገኘ ባለበት ሰዓት ነው። በ1876 የወጣው ቋሚ ሕግ መርከብ ሁሉ የጭነት መስመር ይኑራት አለ። መስመሩ የት እንደሚሰመር ግን የሚወስነው ባለመርከቡ ራሱ ነበር! አንድ ካፒቴን በሕጉ ሲያላግጥ መስመሩን ጭስ ማውጫው ላይ ቀባው ተብሎ ይወራል። ወሬው እውነትም ይሁን ቀልድ የሕጉን ቀዳዳ በትክክል ያሳያል። ምልክት አለ፤ ልክ ግን የለም።

ቀዳዳው የተደፈነው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። የ1890ው ሕግ የመስመሩን ቦታ ከባለመርከቡ እጅ አውጥቶ በንግድ ቦርዱ ሥር በሰንጠረዥ እንዲወሰን አደረገ። በ1906 የእንግሊዝ ወደብ የሚገቡ የውጭ መርከቦችም በዚሁ ግዴታ ሥር ሆኑ፤ «የውጭው ተወዳዳሪ ይበልጠናል» የሚለው ሙግትም በዚሁ ተመለሰ። በ1930 ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1966 በአዲስ ተተካ። ዛሬ ከክቡ ጎን ለሞቃታማ ባሕር፣ ለበጋ፣ ለብርድ ወራትና ለጨው አልባ ውኃ የተለያዩ መስመሮች አሉ። ባለመርከቦቹ «ለሁሉም የሚሆን ልክ የለም» ላሉት መልሱ ይኸው ሆነ፤ እንደየመርከቧና እንደየባሕሩ ልክ ይውጣ፣ ግን በሌላ እጅ ይውጣ።

የመድኑ ወገን አካሄድ ከዚህ የዘገየ ነበር። በ1884 የንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ቻምበርሊን ከዋጋ በላይ መድን መግባትን ለመገደብ ረቂቅ አቅርበው በባለመርከቦች ተቃውሞ ምክንያት ለማንሣት ተገደዱ። የ1906ቱ የባሕር መድን ሕግ ጥቅም የሌለው ሰው በቁማር መልክ የሚገባውን መድን ዋጋ አሳጣ፤ ለጉዞ መድንም መርከቧ ለባሕር ብቁ መሆኗን ግዴታ አደረገ። ማጭበርበር ካልተገኘ ግን ተዋዋዮቹ የተስማሙበት ዋጋ ዛሬም ይጸናል።

የእኛም ወገን ሂሳብ

ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ አብዛኛውን ገቢ ዕቃዋን በጂቡቲ በኩል በመርከብ ስለምታስገባ ይህ ታሪክ ከመርካቶ ብዙ የራቀ አይደለም። በብዙ የጭነት መድን ውሎች ላይ ስለ መርከቧ ደረጃና ዕድሜ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ ዕድሜዋ በገፋ መርከብ ለሚጫን ዕቃም ተጨማሪ አረቦን ሊጠየቅ ይችላል። በኪራይ ርካሽ የመሰለችው መርከብ በአረቦን ውድ ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለ። ደላላው ዋጋ ሲያቀርብ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን የመርከቧን ዕድሜና ደረጃም እንዲናገር መጠየቅ ለአስመጪው አይከብድም።

ዕቃው ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ ሲወጣም ስሌቱ አይለወጥም። ከልክ በላይ የሚጭን ባለመኪና ለጊዜው ኪራይ ቀንሶ ጎረቤቱን ከሥራ ያስወጣል። የተሰበረው መንገድ ወጪና የአደጋው ዕዳ ግን ለሁሉም ይተርፋል። በመንገድ ላይ ያለው የክብደት ሚዛን የፕሊምሶል መስመር ወንድም ነው። ዋጋውም የሚለካው በመኖሩ ሳይሆን ሚዛኑን የሚያነበው ሰው ከባለ ጭነቱ ነፃ በመሆኑ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ እንዲጠራና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንድ እንደራሴ ስለ መንገድ አደጋ፣ ስለ ሕንፃ ጥራት ወይም ስለ እሳት አደጋ ሚኒስትር ሲጠይቅ ነጋዴው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ለፖለቲከኞች ይተወዋል። ፕሊምሶል የተከራከረላቸው ግን መርከበኞች ብቻ አልነበሩም፤ ልኩን ጠብቀው የሚጭኑ ባለመርከቦችም ከተጠቃሚዎቹ ውስጥ ነበሩ።

በመሆኑም ሚኒስትሩ «መመሪያ አውጥተናል» ብለው ሲመልሱ ጥያቄው ያበቃ ሊመስል አይገባም። ልኩን ያወጣው ማን ነው? የሚመረምረው ደመወዙን ከማን ያገኛል? ጥፋት ሲደርስ የሚከፍለው ማን ነው? እንግሊዞች የመጀመሪያውን በትክክል ሳይመልሱ በመቅረታቸው ከ1876 እስከ 1890 መስመሩን እንደፈለጉ በሚያሠምሩ ባለመርከቦች እጅ ቆይተዋል።