ዕውቀትና ጥበብ

በክፍላችን «ዐዋቂ» እና «ጥበበኛ» የሚሉትን ቃላት እንደ አንድ ቃል አድርገን ስንናገር እንውላለን። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ልዩነት ያላቸው አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ በክርስትና ትምህርት ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ የገባኝን ያህል ለአንባብያን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 3ኛ ምዕራፍ፥ ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን ሳለ እግዚአብሔር በሕልም ተገልጦ የሚሻውን እንዲለምን ፈቀደለት። እርሱም ረጅም ዕድሜንና ሀብትን ትቶ፥ ለሕዝቡ በቅን ለመፍረድ ክፉውን ከደጉ የሚለይ ልብ ለመነ። ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ታሪክ አንድን ሕፃን «የኔ ነው» እያሉ የተካሰሱት የሁለቱ ሴቶች ፍርድ ነው። ስለ ዛፎች፥ ስለ እንስሳት፥ ስለ ወፎችና ስለ ዓሦች መናገሩ የሚነበበው ግን ከዚያ በኋላ በ4ኛው ምዕራፍ ነው። ይህም እኛ ዛሬ ባዮሎጂ የምንለው ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ዕውቀትን አይንቅም፤ የሚፈርደውን ልብ ግን ያስቀድማል።

በዘፀአት 31ኛ ምዕራፍ ደግሞ ወርቅ፥ ድንጋይና እንጨት ለሚሠራው ለባስልኤል ጥበብ እንደ ተሰጠው ተጽፏል። (እኛ ሸማኔውንና አንጥረኛውን ለብዙ ዘመን ስንንቅ ኖረን፥ የእናቶቻችንን ቀሚስ ጠርዝ «ጥበብ» ብለን መጥራታችን ይገርማል!)

ነገሩ በይበልጥ የተገለጠልኝ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ከ1ኛው መልእክት 8ኛ ምዕራፍ ነው። በዚያች ከተማ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ መብላት አከራካሪ ሆኖ ነበር። አንዳንዶቹ ጣዖት ከንቱ መሆኑን ስላወቁ ያለ ሥጋት ይበሉ ነበር። ዕውቀታቸው ትክክል ነው፤ ጳውሎስም አልካደውም። ነገር ግን ኅሊናው ደካማ የሆነ ወንድም እነርሱን አይቶ ቢሰናከል፥ ያው ትክክለኛ ዕውቀት ማጥፊያ እንደሚሆን አስረዳቸው።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርሁ። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዕረፍት ወደ ትውልድ አገሬ ሄጄ፥ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ልጠይቅ ገባሁ። ልጆቹን ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው፥ በመጽሐፈ ሄኖክ እንደ ተጻፈው ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች እንደምትወጣ ይነግሯቸው ነበር። እኔም «የለም፥ የኔታ! የምትዞረው ምድር ናት፤ ዛቢያዋም 23.5 ዲግሪ ያዘነበለ ነው» ብዬ በመሬት ላይ ሥዕል ሣልሁ። ልጆቹ ሳቁ። የኔታ አልተቆጡም፤ «እንግዲያስ አንተ ንገራቸው፥ ልጄ» ብለው ከበርጩማቸው ተነሡ። በማግሥቱ ሁለት ልጆች ሳይመጡ ቀሩ። አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው «የኔታ አያውቁም» አለኝ።

ኋላ መጽሐፉን ስመለከት፥ ስድስቱ ደጆች ፀሐይ የምትወጣበት ስፍራ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መለዋወጡ የሚቆጠርባቸው ናቸው። የእኔም 23.5 ዲግሪ የሚያስረዳው ይህንኑ መለዋወጥ ነው። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ ሽማግሌው ምን እንደሚቆጥሩ ግን ጥቂት ታግሼ አላዳመጥሁም።

ወንድሜ እስከ ዛሬ ወደ የኔታ ዘንድ አልተመለሰም። ከፈተናው በኋላ እጁን ይዤ ልወስደው አስቤአለሁ። የኔታን ምን ብዬ እንደማነጋግር ግን ገና አላገኘሁም።