ሸራ ወይስ ሞተር? የዶሃ ጀልባዎች ነባር ጥያቄ

በዶሃ ኮርኒሽ፣ ከረጃጅም የመስታወት ሕንጻዎች ፊት ለፊት የተደረደሩት የእንጨት ጀልባዎች ዛሬ ጎብኚዎችን አሳፍረው የሚቀዝፉት በናፍጣ ሞተር ነው። በምጽዋና በዘይላ ወደቦችም የሚታወቀው ሳንቡክ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የጥንት ናኹዳዎች፣ ማለትም የጀልባ አዛዦች፣ ይህ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ነፋስ ሲጠፋ ይቀዝፋሉ፣ አለዚያም ይጠብቃሉ።

ሁለቱንም ኃይል የያዘ የዘመኑ መርከበኛ ግን መወሰን አለበት። ውሳኔውም የሚጀምረው ከነፋሱ አቅጣጫ ነው። በባሕረ ሰላጤው የሚያይለው ሸማል ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ከዶሃ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚወርድ ጀልባ ከኋላ የሚገፋ አጋዥ ነው፤ ወደ ኩዌት ለሚወጣ ግን ፊት ለፊት የሚገጥም ፈተና ነው። የትኛውም የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መጓዝ አይችልም፤ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ምሽት ሲቃረብ፣ ውኃው ጥልቀት ሲያጣ ወይም ወደብ ሲገባ ሞተር ማስነሣት ብልህነት ነው።

ይሁን እንጂ ሞተር ዋስትና አይደለም። ማዕበል በነዳጅ ታንክ ግርጌ የተኛውን ዝቃጭ ሲያናውጥ ማጣሪያው ሊዘጋና ሞተሩ በክፉ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። በከባድ ሞገድም ላይ ጥቂት የተዘረጋ ሸራ የጀልባውን መወዛወዝ ያረግባል። ልምድ ያለው መርከበኛ ሞተሩ እየሠራም ሸራውን ለመስቀል ዝግጁ አድርጎ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ሕጉም ልዩነቱን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከቦችን ግጭት የመከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ሸራ ዘርግቶ ሞተርም የሚያሠራን ጀልባ እንደ ሞተር ጀልባ ይቆጥረዋል። ቀን ቀን ጫፉ ወደ ታች የተደፋ ሾጣጣ ምልክት እንዲሰቅልም ያዛል፤ በባሕር ላይ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

የኳታር ሕዝብ ኑሮ በዕንቁ ጠለቃ ላይ በተመሠረተበት ዘመን ነፋስን ማንበብ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን ሲያፈርስና አገሪቱ በ1949 ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ስትጀምር ብዙዎች ባሕሩን ለቀው ወጡ። ከ2011 ጀምሮ በካታራ የባህል መንደር የሚካሄደው የባህላዊ ጀልባዎች ፌስቲቫል ይህን ዕውቀት ለወጣቱ ያስተዋውቃል። በ2013 «ፈትሕ አል ኸይር» የተባለችው ጀልባ ከዶሃ ተነሥታ ወደ ሕንድ መጓዟም የአባቶች መንገድ እንዳልተዘነጋ አሳይቷል።

ሞተር ጉዞን አቅልሏል። ሞተሩ ዝም ባለ ጊዜ ግን ጀልባውን ወደ ወደብ የሚመልሰው ሸማልን የሚያውቅ ሰው ነው።