የብርድ ወለል፣ ከሰመራ ሲታይ

ሰመራ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሰኔ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሲደርስ ተማሪዎቼ ስለ ሙቀት ጣሪያ ይጠይቁኛል። እኔ ግን ወደ ታች እወስዳቸዋለሁ፤ ብርድ ወለል አለውና።

ሙቀት የቅንጣቶች እንቅስቃሴ ነው። ያን ቀን ፊታችንን በሚገርፈው አየር ውስጥ የናይትሮጅን ሞለኪውሎች በአማካይ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይከንፋሉ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። ከቅንጣቶቹ ሊወሰድ የሚችል ጉልበት የሚያልቅበት ነጥብ ፍጹም ዜሮ ይባላል፤ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ። እዚያም ቢሆን ቅንጣቶች ጨርሰው አይቆሙም፤ በኳንተም ሕግ መሠረት ማንም የማይነጥቃቸው ጥቂት ንዝረት ይቀራል። ሂሊየም በተራ የአየር ግፊት እስከዚያ ድረስ ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስንቴም ባስተምረው ይደንቀኛል።

በ1848 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ከዚህ ወለል የሚነሳ መለኪያ አቀረበ። በዚያ መለኪያ የሰመራ 42 ዲግሪ 315 ኬልቪን ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ በታኅሣሥ ሌሊት 15 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 288። እኛን የሚያሰቃየን ልዩነት 9 ከመቶ እንኳ አይሞላም!

የኮርማ ዘር ለማዳቀያ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ነው። ቤተ ሙከራዎች ፍጹም ዜሮን በዲግሪ ቢሊዮንኛ ያህል ተጠግተውታል፤ የደረሰበት ግን የለም።