የደከመው የባስ ድምፅ ማጉያ በቤት ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

በጦር ሰፈር ቤቶች ውስጥ ከአልጋና ከጠረጴዛ ቀጥሎ የቤተሰቡ ሁሉ የጋራ ንብረት የሆነው የሙዚቃ መሣሪያው ነው። ወታደሩ ከግዳጅ ሲመለስ ይደሰትበታል፤ ባለቤቱ ቤቷን ስታሰናዳ ታዳምጠዋለች፤ ልጆች በበዓል ቀን ይጨፍሩበታል። ይሁን እንጂ ከጊዜ ብዛት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ በተለምዶ «ሳብ ዉፈር» የሚባለው፣ መንቀጥቀጥና መንተክተክ ይጀምራል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው መሣሪያው አበቃለት ብሎ ለልጆች ልብስና ለቀለብ ያሰበውን ገንዘብ ለአዲስ ዕቃ ያውለዋል።

ነገር ግን መጠገን የተከበረ ሙያ ነው። በጎረቤታችን በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ የሚባል ሰፈር አለ። በሰፈሩ የሚኖሩት ጋቦዬ የሚባሉት ወገኖች ከጥንት ጀምሮ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ቆዳ በመሥራትና ፀጉር በማስተካከል ኅብረተሰቡን ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ሆኖም በሙያቸው ምክንያት ሲናቁና በጋብቻ ሲገለሉ ቆይተዋል። በእኛም አገር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ተመሳሳይ ስድብ ስለደረሰባቸው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በዚያችው ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው ራዲዮ ጣቢያ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላን ስትደበደብ እንዳይጠፉ ክሮቹ ከመሬት በታች ተቀብረው ነበር። ዕቃን ከጥፋት የሚያድን እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በድምፅ ማጉያው ውስጥ ሾጣጣ ወረቀት፣ ከኋላው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦና ማግኔት አሉ። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ከማግኔቱ ጋር እየተሳሳበና እየተገፋፋ ወረቀቱን ያንቀሳቅሰዋል። ባስ ከሌላው ድምፅ ይልቅ ረጅም እንቅስቃሴ ስለሚጠይቅ ሸክሙ የሚያርፈው ወረቀቱን ከብረት ማቀፊያው ጋር በሚያገናኘው የዙሪያ ስፖንጅ ላይ ነው። ይህም ስፖንጅ በእርጥበትና በፀሐይ ብርሃን ብዛት ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ አመድ ይፈረፈራል።

በመጀመሪያ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ። የድምፅ ማጉያውን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትታችሁ አውጡት፤ የትኛው ሽቦ የፖዘቲቭ እንደሆነም ምልክት አድርጉ። ኤሌክትሪክ ተነቅሎም ኃይል የሚያጠራቅሙ ክፍሎች ስላሉ የማጉያ ሰሌዳውን አትንኩ። ቀጥሎ በሁለት እጃችሁ ጣቶች ወረቀቱን በእኩልነት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ሽቦው ተቃጥሏል ወይም ከቦታው ተዛንፏል ማለት ነው። ቴስተር ያለው ሰው ይለካው፤ ባለ 8 ኦሙ ወደ 6፣ ባለ 4 ኦሙ ወደ 3 ያህል ያነባል። ቴስተር ከሌለ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ብታስነኩት ወረቀቱ ብቅ ወይም ጥልቅ ማለት አለበት።

ሽቦው ደህና ሆኖ ስፖንጁ ብቻ ከተበላ ልኩን ወስዳችሁ አዲስ የስፖንጅ ቀለበት ግዙ። አሮጌውን በአልኮል እያራሳችሁ ጠርጉት። አዲሱን በመጀመሪያ ከወረቀቱ ጋር በሙጫ አጣብቁና ይድረቅ። ከዚያ በኋላ የውጪውን ጠርዝ ከማቀፊያው ጋር አጣብቁ፤ ሙጫው ሳይደርቅም ወረቀቱን በእርጋታ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያንቀሳቀሳችሁ መፋቅ እንዳይኖር መሐሉን አስተካክሉ። በልብስ መቆንጠጫ ዙሪያውን ይዛችሁ አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ እዚህ ላይ የሚጣደፍ ሰው ድካሙን ያባክናል። መርፌና ክር የለመደው የእመቤቲቱ እጅ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ቀዳዳውን በፕላስተር መለጠፍ ግን ወረቀቱን ስለሚያከብደው ድምፁን ያበላሻል። ሙጫው ስለሚሸት መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃናትንም አርቁ።

ሽቦው የተቃጠለ እንደሆነ መላውን መተካት ይሻላል። አዲሱ በኢንች ስፋቱ፣ በጥልቀቱና በኦሙ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። ኦሙ ካነሰ ማጉያው ከመጠን በላይ ይሞቃል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተገላበጡም ባሱ ከሌሎቹ ድምፅ ማጉያዎች ጋር እየተቃረነ ይሳሳል።

ከታደሰ በኋላ ከመስኮት ፀሐይና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት፤ መንቀጥቀጥ ሲጀምርም ድምፁን ቀንሱ። ሥራው በሚከናወንበት ሰዓት ልጆቻችሁ ከጎናችሁ ተቀምጠው ካቻቢቴውን ያቀብሉ፤ የሠራተኛን እጅ ማክበር ከዚያ ይጀምራልና።