ከቀብር በፊት የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ

በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች አንድ ሰው ሲያርፍ በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምራል፤ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ ትዳርና የልጆች ቁጥር ይከተላሉ፤ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» በሚለው ይደመደማል። ጸሐፊው የቀበሌው መምህር ወይም ትምህርት የዘለቀው የልጅ ልጅ ነው። የሚጽፈውም ቤቱ በለቅሶ በተናወጠበት ሌሊት፣ በጥድፊያ ነው። የተወለዱበትን ዓመት በትክክል የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ፣ ያውቁ የነበሩት ሟቹ ብቻ ሆነው ይገኛሉ።

ይህንኑ ታሪክ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ከአንደበታቸው ሰምቶ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በከተሞች ጡረተኞች፣ ነጋዴዎችና የቀድሞ ወታደሮች ትዝታቸውን በመጽሐፍ ሲያሳትሙ ብዙ ጊዜ የሚያዳምጥ፣ የሚያደራጅና የሚያርም ጸሐፊ ከጎናቸው አለ። ወደ ገጠሩ ግን ሙያው እምብዛም አልዘለቀም። ማንበብና መጻፍ ያልታደለው አርሶ አደር ሰባና ሰማንያ ዓመት የተሸከመው ትውስታ ከእርሱው ጋር ይቀበራል። መንደሩ ውስጥ ስለ ድርቁ፣ ስለ መሬት ክፍፍሉ፣ ስለ ዘመቻው የሚያውቀው ሁሉ በዚያ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ የነበረ ከሆነ ጉዳቱ የቤተሰቡ ብቻ አይደለም።

ሥራው በሀገራችን እንግዳ አይደለም። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በመቅረጸ ድምፅ ቀድተው በ1959 ዓ.ም «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ርእስ አሳትመዋል። ልጅ ጠየቀ፣ አባት ተረከ፣ ወሬው ወደ ጽሑፍ ተገለበጠ። የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ አለቃ ሲናገሩ የሚሰሙ መሆናቸው ነው። በቅርቡ ደግሞ ጋዜጠኛዋ አይዳ እደማርያም ጎንደር የተወለዱትን አያቷን ለዓመታት አዳምጣ፣ በ2010 ዓ.ም ሕይወታቸውን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጋ አቅርባለች። አያቷ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በሃያ ዓመት ገደማ ለሚበልጧቸው ቄስ የተዳሩ፣ የጣሊያንን ወረራ፣ የንጉሡን ሥርዓት ፍጻሜና አብዮቱን በቤታቸው ሆነው ያዩ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለች ሴት በቀብር ወረቀት ላይ የምታገኘው «ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፍርተዋል» የሚል አንድ መስመር ነው።

የሙያው ክብደት ከብዕሩ ይልቅ በጥያቄው ላይ ነው። «አባባ፣ የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» የተባለ ሽማግሌ፣ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ አርሼ በላሁ» ብሎ ዝም ይላል። የመጀመሪያውን በሬ ከየት እንዳገኘው የተጠየቀ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወይፈኑን ከማን እንደገዛው፣ በስንት ብር፣ ማን እንዳበደረው፣ አንድ በሬ ብቻ በነበረው ጊዜ ከማን ጋር በመቀናጆ እንዳረሰ ይዘረዝራል። ብዙ አርሶ አደር የበሬዎቹን መልክና ጠባይ ከዓመተ ምሕረት አብልጦ ያስታውሳል። «ቦራው የሞተ ዓመት» ብሎ የጀመረው ወሬ ስለ ድርቁ፣ ስለ ስደቱና ስለ ጋብቻው ያወጣዋል። ለእናቶችም እንዲሁ ነው፤ የጎተራው እህል መቼ እንዳለቀ፣ የመጀመሪያውን ልጅ ማን እንዳዋለዳቸው፣ ጥጡን ፈትለው ምን እንደገዙበት ሲጠየቁ ከባላቸው ታሪክ የተለየ የራሳቸው ታሪክ ብቅ ይላል። ባል አጠገባቸው ተቀምጦ ካዳመጠ ግን አብዛኛዎቹ ወሬውን ለእርሱ ይለቁለታል፤ ስለዚህ ለብቻቸው መጠየቁ ይበጃል።

የዘመን ጉዳይ ሁሌም ያስቸግራል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜ በሁነት ይለካል። የጎጃም አርሶ አደር በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ ያመፀው በ1960 ዓ.ም ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት ዐዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ነው፤ የብር ኖት የተቀየረው በ1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971፣ በአማራ ክልል መሬት የተሸጋሸገው በ1989 ዓ.ም ነው። «ዐዋጁ ሲታወጅ በሬ ጠምጄ አርስ ነበር» ያሉ አባት ያኔ ቢያንስ የዐሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ ማለት ነው፤ ስለዚህ ልደታቸው ከ1952 ዓ.ም ወዲህ ሊሆን አይችልም። ከዚያ የእኩዮቻቸውንና የታናናሾቻቸውን ዕድሜ አመሳክሮ ማጥበብ ነው። ጸሐፊው እርግጠኛ ያልሆነበትን ዓመት «ገደማ» ብሎ መጻፉ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው ፈጥሮ መጻፉ ነው።

የአንዱ ትውስታ ከሌላው ጋር መጋጨቱ ደግሞ አይቀርም። ያ የ1967ቱ ዐዋጅ ለጭሰኛው መሬት ያገኘበት፣ ለባለርስቱ የአያቱን ርስት ያጣበት ቀን ነው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ዳኛ ስላልሆነ ተራኪው ያየውን እንዳየው ይጽፋል። በዓመትና በቦታ ስም ላይ ግን ማጣራት ግዴታው ነው። ቋንቋውንም እንዲሁ መጠበቅ ይኖርበታል። አርሶ አደሩ «ጠኔ ጠናብን» ያለውን «የምግብ ዋስትና ችግር አጋጠመን» ብሎ የሚያሻሽል ጸሐፊ ሰውየውን ከራሱ ታሪክ ያስወጣዋል። የቢሮ አማርኛ የለመዱ ወጣቶች በተለይ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ።

ጊዜ መምረጥም ዕውቀት ይጠይቃል። በሐምሌና በነሐሴ አረም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ላይ ያለን ሰው ለወሬ መያዝ ለማንም አይበጅም። ውቂያ ካለቀ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት የተሻሉ ናቸው። በአንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ማስተረክ አረጋውያንን ያደክማል። ለመቅረጽ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ ሆኖም ስልኩ ከመከፈቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ቅጂውም በዚያው ዕለት በሌላ ሚሞሪ ላይ ይቀመጣል። የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ዋጋ ሲቆረጥ ይህ መታሰብ አለበት። ቤተሰብ የሚያየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ገጾች ብቻ በመሆኑ «ይህን ለመጻፍ ይህን ያህል?» ማለቱ የተለመደ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ስለ ደምና ስለ ወሰን የሚነገረው ነው። አዛውንቱ በልባቸው የያዙትን የገዳይ ስም ሊጠሩ፣ የጎረቤታቸውን ወሰን መግፋት ሊያነሡ ይችላሉ። በሽምግልና የታረቀ ደም በታተመ ገጽ ላይ ስም ተጠርቶ ከተነሣ፣ ወረቀቱ ያስቀየመው ቤተሰብ ዳግም ሊነሣ ይችላል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘም የስም ማጥፋት ክስ ያስከትላል። ልምድ ያለው ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ክፍል ለይቶ ለባለታሪኩ ካነበበላቸው በኋላ፣ ስሙ እንዲወጣ ወይም ከቤተሰቡ ዘንድ ብቻ እንዲቀመጥ ምርጫውን ለእርሳቸው ይተዋል። እንዲያውም ጽሑፉ በሙሉ ከመታተሙ በፊት ጮክ ተብሎ ሊነበብላቸው ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው ከዚህ ሌላ ማረጋገጫ የለውም።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው፣ የቅጂው ብዛት፣ የድምፅ ቅጂው በማን እጅ እንደሚቀር፣ ጽሑፉ የማን ንብረት እንደሆነ ይጠቀስበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የሚዘልቅ በመሆኑ ነገሩ ለልጅ ልጆችም ይተርፋል። በመጽሐፍ መልክ የሚታተም ከሆነ ቅጂው ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ በቆየ ስሙ ለወመዘክር፣ ይገባል። በኮምፒውተር ተጽፎ ተጠርዞ የሚቀር ከሆነ ደግሞ አንዱ ለባለታሪኩ፣ አንዱ ለበኩር ልጅ፣ አንዱ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ቤት ቢቃጠል እንኳ ሌላ ቦታ ይገኛል። በመጨረሻው ገጽ ላይ የተራኪው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን ይጻፋል፤ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ የአረጋውያን መረጃ ሰጪዎችን ዝርዝር የሚያኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።