ዑድ፦ ከቆሰለ ዛፍ የሚወጣ ሽቶ

በሪያድ ወይም በዱባይ የኖረ አንባቢ የዑድን ሽታ ሳያውቀው አይቀርም። እንግዳ ሲመጣ ስንጣሪው ከሰል ላይ ይጨሳል፤ ዘይቱም በትንንሽ ብልቃጥ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ምዕራባውያኑ ዘግይተውም ቢሆን ነቅተዋል። ኢቭ ሳን ሎራን እ.ኤ.አ. በ2002 «ኤም 7»ን፣ ቶም ፎርድ በ2007 «ኡድ ዉድ»ን ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ ብዙ የቅንጦት ሽቶ ቤቶች ተከትለዋቸዋል።

ለመሆኑ ይህ ሽታ ከየት ይመጣል? ከህንዷ አሳም እስከ ኢንዶኔዥያ በሚበቅለው አኩዊላሪያ በተባለ ዛፍ ውስጥ ነው። የሚገርመው ግን የጤነኛው ዛፍ እንጨት ነጣ ያለ፣ ቀላልና ያን መዓዛ የሌለው መሆኑ ነው። ዛፉ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው በዓመታት ውስጥ ወደ እንጨቱ ሲሰርጽ ዑድ ይሆናል።

ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ሙጫ የያዘውን ዛፍ ከውጭ መለየት ስለሚያስቸግር ፈላጊዎች ባዶውንም አብረው ይጥሉታል። ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1995 አንዱን ዝርያ፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ መላውን የአኩዊላሪያ ወገን ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ዛፉን ተክለው፣ ግንዱን በስተው ሻጋታ የሚጨምሩ ገበሬዎች አሉ። ስለዚህ ለዘመድ ስጦታ ብልቃጧን ስንገዛ ከዋጋው በፊት «ከተተከለ ነው ወይስ ከዱር?» ብለን እንጠይቅ።